በበርበሬ መሃል የተጓዘችው ፍላሽ

አሜሪካን ለማየት ብዬ አልሄድኩም። የጂኦግራፊ መምህር ስለሆንኩ ዕድሜዬን ሁሉ ካርታ ላይ በእንጨት እየጠቆምኩ ሳሳያት ኖሬያለሁና ያየኋት ያህል ነበር የሚሰማኝ። የሄድኩት የእህቴ ልጅ ሰናይት ወንድ ልጅ ወልዳ ለክርስትናው ስለጠራችኝ ነው። ቪዛው እስኪመጣ ልጁ ክርስትና ተነሥቶ፣ ዳዴ ብሎ፣ ጥርስ አብቅሎ ጠበቀኝ። እኔም በትምህርት ቤታችን የሴሚስተር ዕረፍት ለአንድ ሳምንት ብቅ አልኩ። እዚያ ሄደው ለማያውቁና የመሄድ ሐሳብም ለሌላቸው ጎረቤቶቼ የሆነውን በየቀኑ አድርጌ ጽፌዋለሁ። ስለ ሐውልቱና ስለ ነጩ ቤት እሰማለሁ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ካለ ግን ከአሁኑ ይተወው፤ አላየኋቸውም።

ማክሰኞ

አሜሪካ የሚሄድ ሰው ሻንጣ የራሱ አይደለም። የጉዞዬ ወሬ ከተሰማ ጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ ፌስታል እያንጠለጠለ መጣ፤ ሽሮ፣ በሶ፣ ኮሰረት፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ የሕፃን ጋቢ። የእኔ ልብስ በመጨረሻ ጥግ ተፈልጎለት ገባ።

ጎረቤቴ አልማዝ ለወንድሟ ለሙሉጌታ አንድ ከረጢት በርበሬ አመጣች። ሙሉጌታ የሚኖረው አሌክሳንድሪያ የሚባል ከተማ ነው፤ ሰናይት ካለችበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ባቡር ያደርሳል። "ጋሽ ታደሰ፣ ለሌላ ሰው እንዳይሰጡብኝ፤ በእጁ" አለችኝ። በርበሬ በእጅ ካልሆነ በምን ይሰጣል ብዬ አለፍኩት። እናታቸው እማማ ዘነበች ያረፉት በጥቅምት ነበር። ሙሉጌታ የመኖሪያ ወረቀቱ ስላላለቀለት ቀብራቸው ላይ መድረስ አልቻለም። እኔ ግን ነበርኩ።

ሻንጣውን ሚዛን ላይ እየሰቀለና እያወረደ ያሰረልኝ በቀለ ነው። በቀለና ሙሉጌታ ሁለቱም ተማሪዎቼ ነበሩ፤ አብሮ አደጎች፣ አንድ ዴስክ የሚቀመጡ፣ ፈተና ላይ አንዱ የተሳሳተውን ሌላው የሚደግም። በአንድ ወረቀት ላይ ዓባይን ወደ ደቡብ ካፈሰሱት፣ በሌላውም ወደ ደቡብ ይፈስ ነበር። "ለጓደኛህ ምን ልበልልህ?" አልኩት። ዓይኑን ከሚዛኑ ሳያነሣ፣ "ተዉት ቲቸር፣ ኪሎው ሞልቷል" አለኝ።

ረቡዕ

ስለ በረራው የምለው የለኝም፤ ጉልበቴን አጥፌ ነው የበረርኩት። ደለስ ከሚባለው አውሮፕላን ማረፊያ ስንወርድ አንድ ውሻ ሻንጣዬን አሽትቶ አጠገቡ ተቀመጠ። እኛ አገር ውሻ ሲቀመጥ ደክሞት ነው፤ እዚያ ግን ክስ ነው።

ወደ ጎን ወስደው አስከፈቱኝ። ፈታሹ ጓንት ያጠለቀ ወፍራም ሰው ነው። የአልማዝን ከረጢት ሲፈታው አስነጠሰው፤ ውሻውንም አስነጠሰው። ከዚያ ጣቱን ወደ በርበሬው ሰደደና አንዲት የተቋጠረች ጨርቅ አወጣ። በውስጧ አውራ ጣት የምታህል ፍላሽ ነበረች፤ ያቺ ኮምፒውተር ላይ የሚሰኳት የፋይል ማከማቻ። "ይህ ምንድን ነው?" አለኝ። "አላውቅም" አልኩ። እውነቴን ነበር፤ ነገር ግን ሰውዬው ፊት ላይ እንዳነበብኩት ከዚህ የከፋ መልስ አልነበረም።

 ጨርቋን ሳገላብጣት ግን በእስክሪብቶ፣ በአልማዝ እጅ ጽሑፍ "የእማዬ ቀብር" ይላል። በክፍል ውስጥ እንግሊዝኛዬ የአንድ ሰው እናት ሲቀበሩ የተነሣ ቪዲዮ መሆኑን፣ ልጃቸውም እዚህ አገር እንደሚኖር አስረዳሁት። ሰውዬው ጨርቋን ራሱ መልሶ ቋጠራት። "አዝናለሁ" አለኝ። በርበሬው አስቀድሞ ዓይኑን አስለቅሶት ስለነበር ያዘነ መስሎ ታየኝ።

የሰናይት ባል ዳዊት በር ላይ ጠበቀኝ። ቀን ቀን እዚያው አጠገብ ሄርንደን በሚባል ከተማ የሚከራዩ መኪናዎችን ለደንበኛ ያቀርባል፤ ማታ ማታ የኮምፒውተር ጥበቃ ይማራል፣ አንድ ሰርተፊኬትም ይዟል። ሰናይትን ለስላሳ፣ እሱን ወሬኛ አድርጎ የፈጠራቸው አምላክ ሚዛን ያውቃል። መንገዱን ሁሉ ያወራልኝ ስለ ትምህርቱ ነበር። "ጋሼ፣ ፊውቸሩ ሳይበር ነው" ይለኛል። "ዳታው ሁሉ ክላውድ ላይ ወጥቷል። ከአምስት ዓመት በኋላ ማሽኑ ከሰው በላይ ያስባል፣ ቢሊቭ ሚ።" እኔ የማስበው ስለ መንገዱ ነበር። ይህን ያህል መኪና አንድም ጡሩንባ ሳይነፋ እንዴት እንደሚሄድ አልገባኝም። ከቦሌ እስከ መገናኛ እንዲህ ዝም ቢባል ሰው የሞተ ይመስለናል።

ሐሙስ

ሰናይት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው። ሺፍት ከመግባቷ በፊት የዳዊትን ካፖርት አለበሰችኝና፣ "ቀዩን ባቡር ይያዙ፣ መሃል ከተማ ሲደርሱ ትራንስፈር አድርገው ቢጫውን ይያዙ፤ ቀላል ነው ጋሼ" አለችኝ። ቀዩን ያዝኩ። ቀዩ ግን ወዲህም ወዲያም ይሄዳል። የአገሩን ወንዞች በቃሌ የማውቀው ሰውዬ በተቃራኒው አቅጣጫ እስከ መጨረሻው ጣቢያ ድረስ በኩራት ተጓዝኩ።

ሰው ሁሉ ወርዶ ብቻዬን ስቀር የጥበቃ ዩኒፎርም የለበሰች አንዲት ሐበሻ አየችኝ። "አባባ፣ ጠፍተው ነው?" አለችኝ። ከመጥፋቴ ይልቅ አባባ መባሌ ከነከነኝ። ሥራ ጨርሳ ወደ ግሪንቤልት ልትሄድ አውቶቡሷን እየጠበቀች ነበር። አውቶቡሷ መጥቶ ሲያልፍ አየችው፤ እኔን ባቡሩ ውስጥ አስገብታ ካስቀመጠች በኋላ ነው የሄደችው። ስሟን ሳልጠይቃት ቀረሁ።

ሙሉጌታ አሌክሳንድሪያ ጣቢያ ላይ ብርድ እየጠበሰው ጠበቀኝ። ፀጉሩ ሸብቷል፤ አሳሳቁ ግን ያው ነው። ጉልበቴን ሳመኝና ወደ ቤቱ ወሰደኝ። የአንድ ቤት ምድር ቤት ተከራይቶ ነው የሚኖረው። በሩን እንደዘጋ፣ "ቲቸር፣ ይቅርታ፣ ስልክዎን" አለኝ። ስሰጠው ከራሱ ስልክ ጋር ማይክሮዌቭ ውስጥ ከተተው። "ምሳችን ነው?" አልኩት። "በዚያ ውስጥ ሆኖ አይሰማም ይላሉ" አለኝ፤ አልሳቀም።

ከዚያ ነገረኝ። በሥራው የመኪና ማቆሚያ ተቆጣጣሪ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን በኢንተርኔት የሚተላለፍ የአማርኛ ሬዲዮ ላይ ስለ አገር ጉዳይ ያወራ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት በበቀለ ስም ኢሜይል መጣለት፤ የሰፈር ፎቶ ነው የሚል ነገር ተያይዞበታል። ከፈተው፤ ፎቶ የለም። ረሳው። ያ ነገር ግን ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቶ ኖሯል። የሚጽፈውን ያነባል፣ በማይክሮፎኑ ክፍሉን ያዳምጣል። በኋላ የመረመረለት ባለሙያ ይህን አረጋገጠለት፤ ማን እንደላከው ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም።

"በዚች ክፍል ውስጥ ለእናቴ ብቻ የነገርኳት ነገር ከማላውቀው ሰው አፍ ተመልሶ መጣልኝ" አለ። "ያን ቀን ሬዲዮውን ተውኩ። በቀለንም ተውኩ።"

"ጠየቅከው?"

"ምን ብዬ? አዎ ቢለኝ አንድ ነገር ነው። አይደለሁም ቢለኝ አላምነውም።"

"በቀለ እኮ በእናትህ ቀብር..." ብዬ ስጀምር እጁን አነሣ። "ቲቸር፣ ስሙን አይጥሩብኝ።"

እኔም ወደ ቁም ነገሩ ልግባ ብዬ የበርበሬውን ከረጢት አስረከብኩና ቋጠሮዋን አወጣሁ። የእናትህን ቀብር እኅትህ ልካልሃለች አልኩት። ጨርቋን አሸተታት፤ ጽሑፉን አነበበ፤ ዓይኑ ዕንባ አቀረረ። ወዲያው ደግሞ ፊቱ ተለወጠ።

"ለምን በበርበሬ ውስጥ ተደበቀ?"

"እኔ እንጃ። እዚህ ስደርስ ነው እኔም ያወቅኩት።"

"አልማዝ ራሷ ስትቋጥረው አይተዋል?"

"አላየሁም።"

ፍላሿን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና እንደ ጊንጥ ብርጭቆ ደፋባት። እባብ ያየ በልጥ በረየ አልኩ በልቤ። እሱ ደግሞ ያሰብኩትን የሰማ ይመስል፣ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ቲቸር" አለኝ። ተከፋሁ። ያስተማርኩት ልጅ፣ ሻንጣዬን ሞልቼ፣ በውሻ ተከስሼ ያመጣሁለትን ነገር እንደ መርዝ ሲያየው ተከፋሁ። ቢሆንም ፓስታ በስጎ ሠርቶ፣ "ይጨምሩ እንጂ" እያለ አበላኝ። ስወጣ ብርጭቆውን አነሣና ፍላሿን መልሶ ሰጠኝ። "እርስዎ ጋ ትቆይ" አለኝ።

ዓርብ

ዳዊት ታሪኩን ሲሰማ ደስ አለው ማለት ይቻላል፤ ለትምህርቱ ሥራ ተገኘለት። በአንድ ትልቅ ሆቴል አዳራሽ የቴክኖሎጂ ኤግዚቢሽን ስለነበር፣ "ሶሉሽኑ እዚያ አይጠፋም" ብሎ ይዞኝ ሄደ።

አዳራሹ የመርካቶን ያህል ሻጭ አለው፤ የሚከራከር ገዢ ግን የለም። ዕቃው ሁሉ ብልጥ ነው፤ ብልጥ ማቀዝቀዣ፣ ብልጥ አምፖል፣ ብልጥ የሕፃን አልጋ። ሰውን በፊቱ የሚያውቅ በር ነበር፤ ዳዊትን አላወቀውም፤ ሦስት ጊዜ ፈገግ እያለ ቆመለት፣ አልከፈተም። ሻጩ መብራቱ ነው አለ። ሁሉም ሻጭ ያለው አንድ ቃል ነው፤ ዓለም ከዛሬ ጀምሮ ተለወጠች።

በአንድ ጥግ የማንኛውንም አገር ቋንቋ የሚሰማና የሚተረጉም ማሽን የሚያሳይ ወጣት አገኘን። አማርኛም ያውቃል አለን። እስቲ ብዬ ዳዊት በፊደል እንዲጽፍልኝ ነገርኩት፤ "አልማዝ ገና አልመጣችም።" ማሽኑ ጥቂት አሰበና በእንግሊዝኛ መልሱን አወጣ። ዳዊት አነበበልኝ፤ "የከበረው ድንጋይ ለልደት በዓል አልመጣም" ይላል። ወጣቱ በኩራት ያየኛል። ጥፋቱን ስናስረዳው፣ "በሚመጣው ዓመት ራሱ ይማረዋል" አለን። ይህን የሚገዛችሁ ማነው ብዬ አስጠየቅኩት። ሰው ምን እንደሚያወራ ማወቅ የሚፈልጉ መሥሪያ ቤቶች ናቸው አለ፤ እንደ ዳቦ ሻጭ በተረጋጋ ድምፅ። ለሙሉጌታ የሚሆን ነገር ሳናገኝ፣ ብዕርና ከረሜላ ተሰጥቶን ተመለስን።

ቅዳሜ

ሰናይት ሙሉጌታን ለእራት ጠርታው ነበር፤ ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም። ብርቱካን በከረጢት ይዞ መጣ። በር ላይ አቀፈኝና፣ "ቲቸር፣ ሐሙስ አስከፋሁዎት፤ ይቅር ይበሉኝ" አለ። ይቅር አልኩት፤ ከልቤ ነው።

ገና እጁን ሳይታጠብ ዳዊት ኮምፒውተሩን ይዞበት መጣ። "ብሮ፣ ፍላሿን ትናንት ስካን አደረግኳት። ዜሮ ትሬት ነው የሚለው፤ ክሊን ናት።"

"የእኔም ኮምፒውተር ዜሮ ይል ነበር" አለ ሙሉጌታ። "ሁለተኛ ደግሞ እንዳትሰካት። ልጅ ያለበት ቤት ነው።"

ዳዊት ስለ ሶፍትዌሩ ሊያስረዳ ሲል ሰናይት፣ "ዳዊት፣ እንጀራ አምጣ" አለችው። ነገሩ ቀዘቀዘ። ጨዋታ ለመለወጥ ብዬ የአዳራሹን ማሽን ታሪክ አወራሁ። አልማዝ ገና አልመጣችም ያልኩትን የከበረው ድንጋይ ለልደት አልመጣም ማለቱን ስነግራቸው ሙሉጌታ የጎረሰው አነቀው። ሳቀ፤ ጠረጴዛውን እየመታ ሳቀ።

"እማዬ በደወልኩላት ቁጥር የመጀመሪያ ቃሏ 'ገና ነህ?' ነበር" አለ። "መምጫህ ገና ነው? ወረቀቱ ገና ነው? ገና፣ ገና። አስቡት፤ የሚያዳምጡኝ ሰዎች ይህን ሁሉ ልደት፣ ልደት ብለው ጽፈውት ይሆናል። እነዚህ እናትና ልጅ ምን ዓይነት በዓል ነው የሚያከብሩት ብለው ይሆናል።"

ሁላችንም ሳቅን። የእሱ ሳቅ ግን መሃል ላይ ተሰበረ፤ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ማንም ተው አላለውም። ሰናይት ውኃ አስቀመጠችለት። ሲረጋጋ እንዲህ አለ፤ "ማሽን አልነበረም የቸገረኝ። ኢንተርኔት የማያውቅ፣ ፍላሽ ብቻ የሚያነብ አሮጌ ቴሌቪዥን ገዝቼ አልጋዬ ሥር ካስቀመጥኩ ቆይቻለሁ። አልማዝ የቀብሩ ቪዲዮ አለ ያለችኝ ቀን ነው የገዛሁት። እስካላየሁት ድረስ ግን እማዬ ገና ናት። ነገ ይምጡ ቲቸር።"

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሄድኩ። በረዶ ጥሎ ነበር፤ የሙሉጌታ አከራይ፣ አሮጊት ፈረንጅ፣ እንዳልወድቅ ደረጃው ላይ ጨው ትበትንልኝ ነበር። ጨው መንገድ ላይ የሚበተንበት አገር። ሙሉጌታ ስልኬን አልጠየቀኝም። ራሴ ማይክሮዌቩ ላይ አስቀመጥኩት፤ ላዩ ላይ እንጂ ውስጡ አይደለም።

ቴሌቪዥኑን ግድግዳው ጋ አቁሞ ፍላሿን ሰካት። ለትንሽ ጊዜ ጥቁር ሆነ። ሁለታችንም ጥቁሩን እናያለን። ከዚያ ድንኳኑ መጣ፣ ጭቃው መጣ፣ የሰፈራችን ሰው መጣ። ያነሣው ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል፤ አንዴ ሰማይ አንዴ ጫማ ያሳያል። ሙሉጌታ ጎረቤቶቹን በስማቸው እየጠራ በለሆሳስ ይቆጥራቸዋል፤ የሞቱትንና ያረጁትን ይጠይቀኛል። ሳጥኑ ከቤት ሲወጣ መቁጠሩን ተወ።

ከፊት በስተቀኝ፣ ወንድ ልጅ በሚቆምበት ቦታ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ያደገደገ ሰው ተሸክሟል። ምስሉ ተንቀጠቀጠና ቀረብ አለ። በቀለ ነው። ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ሰው ሊያግዘው እየመጣ ትከሻውን አልሰጥም ይል ነበር፤ ይህን በዓይኔ ያየሁት ነው፤ ቪዲዮውም አሳየው። ጉድጓዱ ጫፍ ሲደርሱ ተንበረከከና ግንባሩን ሳጥኑ ላይ አድርጎ ቆየ።

ሙሉጌታ አቆመው። ምስሉ እዚያው ላይ ቀረ። "ሐሙስ ዕለት ሊነግሩኝ የነበረው ይህን ነው?" አለኝ። ነው አልኩት። ሠልስት እስኪወጣ ድረስ ድንኳኑ ውስጥ ማደሩንም ጨመርኩለት።

እውነቱን ለመናገር ቪዲዮው ስለ ኢሜይሉ የሚለው ነገር የለም። ሰላይም ሳጥን ሊሸከም ይችላል። ሙሉጌታ ይህን የማያስብ ሰው አይደለም፤ ለሁለት ዓመት ሌላ ነገር አላሰበም። ምስሉን እያየ፣ "ቢሆንስ?" አለ፣ ለእኔ ይሁን ለራሱ አላውቅም። "ሰላይም ይሁን። እናቴን ተሸክሟል።"

ቀሪውን አብረን አየነው። ሲያልቅ ፓስታ ሠራ።

ሰኞ

ዳዊት ወደ ደለስ ሲወስደኝ መንገዱን ሁሉ ስለሚመጣው ማሽን ነገረኝ፤ አሁንስ ወሬውን ወድጄዋለሁ። ሻንጣዬ የመጣውን ያህል አይከብድም ነበር፤ ሰናይት ለእናቷ ሽቶና መድኃኒት፣ ለሰፈሩ ሳሙና ሰድዳለች። ሙሉጌታ ከሥራ አስፈቅዶ መሰናበቻው በር ላይ ደረሰብን። በካርቶን አንድ ጥንድ ጫማ ይዟል፤ ጥቁር፣ ባለማሰሪያ።

"ለበቀለ ነው" አለኝ። "ኪሎው ካልሞላ።"

"አልሞላም። ምን ልበልለት?"

"ምንም አይበሉ። በእጁ ይስጡልኝ።"

ሙሉጌታ ጫማውን ራሱ ከካርቶኑ አውጥቶ፣ በየውስጡ እጁን እየከተተ ባዶ መሆኑን አሳየኝ። ልማድ ሆኖበት ይሆናል፤ ወይም እኔን ከውሻው ሊያድነኝ ይሆናል። አልጠየቅኩትም።

አዲስ አበባ

ስደርስ መጀመሪያ የሄድኩት አልማዝ ጋ ነው። ፍላሿን ለምን በበርበሬ ውስጥ እንደቀበረቻት ጠየቅኳት። "እንዳትጠፋ ነዋ" አለችኝ። "ብነግርዎት ደግሞ አይዙልኝም።" ልክ ናት፤ አልይዝም ነበር።

በቀለን ማታ ቤቱ አገኘሁት። ካርቶኑን ስሰጠው ከማን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ምንም አይበሉ ብባልም አላስቻለኝም፤ በስምህ ኢሜይል ደርሶት ነበር፣ የራቀህ በዚያ ምክንያት ነው ብዬ ሁሉንም ነገርኩት። "የእኔ ኢሜይል?" አለ። "እሱ እኮ አንድ ቀን አልከፈትም አለኝ። የይለፍ ቃሉ ተለውጧል አለኝ። ምን እሠራበታለሁ ብዬ ተውኩት። ከሙሉጌታ በቀር የምጽፍለት ሰው አልነበረኝም።"

ሌላ ነገር ሳይናገር ጫማውን አገላብጦ ሶሉ ላይ ያለውን ቁጥር አየ። "ከትምህርት ቤት ስንወጣ ይህ ነበር ቁጥሬ" አለ። ደፉ ላይ ተቀምጦ ቀኙን አጠለቀ፤ ተረከዙ እንቢ አለው፤ ታገለውና ገባ። ግራውንም አደረገ። ተነሥቶ በጓሮው ወዲህና ወዲያ ሲራመድ እያነከሰ ነበር።

"ጠቦሃል" አልኩት። "የሚሄድ ሰው ካገኘሁ መልሼ ላስቀይርልህ?"

"ተዉት ቲቸር" አለ፣ ማሰሪያውን እያጠበቀ። "ይሰፋል።"